የካርድ ክፍሉ ሁለተኛ እጅ

ጨለማ አትጠብቁ። ሌሊትም አይደለም፣ መቃብር ስፍራም አይደለም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ሰው ሁሉ ምሳ የሚወጣበት ሰዓት። ቦታው የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት... ካርድ ክፍል።

እዚህ የአስፈሪ ታሪክ ቻናል ላይ የሚወጣውን ሁሉ አነባለሁ። ግማሹን «ይሄስ ፈጠራ ነው» ብዬ ስቄበታለሁ። ስለዚህ እናንተም በእኔ ብትስቁ አልቀየምም። በስልክ ስለምጽፍ ፊደል ልስት እችላለሁ እንጂ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። እሱ ካልገባችሁ ፍርሃቴም አይገባችሁም።

በሆስፒታላችን ምድር ቤት የአርባ ዓመት የሕሙማን ካርድ ተደርድሯል። አቧራ የጠጣ፣ ጥግ ጥጉን አይጥ የቀመሰው፣ እርጥበት ያጣበቀው። ይሄ ሁሉ ወረቀት አራተኛ ፎቅ ወዳለው ትልቁ ኮምፒዩተር ይግባ ተባለ። ሜይንፍሬም ይሉታል። ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ሦስት ብረቶች ናቸው። የተቀመጡበት ክፍል ከመቀዝቀዙ የተነሳ ጠባቂያቸው በበጋም ካፖርት ይለብሳል። ሰውየውን «ፍሪጅ» ነው የምንለው፣ ስሙን ራሱም የረሳው ይመስለኛል።

አሠራራችን እንዲህ ነው። አንድ ካርድ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

መጀመሪያ እኔ እጽፈዋለሁ። ኮዴ 01 ነው። ከዚያ ካርዱን ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ የእንጨት መስኮት ወደሚቀጥለው ክፍል አሳልፋለሁ። እዚያ ያለው ሰው እኔ የጻፍኩትን ሳያይ፣ ካርዱን ብቻ እያየ፣ እንደገና ይጽፈዋል። የእሱ ኮድ 02 ነው። ትልቁ ኮምፒዩተር ሁለቱን ያስተያያል። ከገጠሙ «ልክ» ይላል። ካልገጠሙ «አይገጥምም» ይላል፣ ሁለታችንም ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን።

ካርዱ መጨረሻ ላይ መውጫ የሚባል መስመር አለ። በሽተኛው ከሆስፒታሉ እንዴት እንደወጣ የሚጻፍበት ነው። እሱ በሁለታችንም እጅ ሲገጥም ካርዱ ይዘጋል። አንድ ማለት ድኖ። ሁለት ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልኮ። ሦስት በራሱ ፈቃድ። አራት...

አራት ማለት ሞቶ ነው።

ሁለተኛው እጅ ጋሼ ቀይ ነበሩ። ቀይ ያልናቸው በቀይ እርሳሳቸው ነው። ጽፈው የጨረሱት ካርድ ጥግ ላይ ሁለት ቀይ መስመር ያሰምራሉ። ከጀርባው የሚታይ ነገር ካለ ደግሞ ትንሽ ቀስት ይጨምሩበታል፣ «ገልብጪ» ለማለት። ከዚያ መስኮቷን በጣታቸው ሦስቴ ኳ ኳ ኳ አድርገው ይመልሱልኛል። ኢንተር የምትባለዋን ቁልፍ ሲመቱ ደግሞ፣ ኪቦርዱ የበደላቸው ይመስል ሁለቴ ነው። ጠቅ-ጠቅ!

በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቁጥር አልሳቱም። እኔ በቀን አምስቴ እስታለሁ።

«ልጄ፣» ይሉኛል በመስኮቷ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ካርድ ጀርባ አለው፣ ገልብጪ። እኔ የምጽፈው ካርዱ ያለውን ነው፣ የምመኘውን አይደለም።»

ጋሼ ቀይ ከአምስት ወር በፊት ሞቱ። ቤታቸው፣ በእንቅልፋቸው። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። አፈር ሲመለስባቸው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ክፍላቸው ተቆለፈ። ኃላፊያችን ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። «ምትክ እስኪመጣ አንቺ ጻፊና በመስኮቷ አሳልፊ። ጠረጴዛቸው ላይ ይከመር» አለችኝ።

እሺ ብዬ እየጻፍኩ ከመርኩ።

አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር...

ኳ... ኳ... ኳ።

መስኮቷ ነች።

አይጥ ነው አልኩ። የሆስፒታላችን አይጥ ደሞዝ ቢከፈለው አይበዛበትም፣ ከእኛ ቀድሞ ይገባል ከእኛ በኋላ ይወጣል። ተነሥቼ መስኮቷን ከፈትኩ።

ጠዋት ያሳለፍኩት ካርድ ተመልሶ ተቀምጧል።

ጥጉ ላይ ሁለት ቀይ መስመር።

ጣቴን አስነካሁት... የእርሳሱ ብናኝ ጣቴ ላይ ቀረ።

ወደ ስክሪኔ ዞርኩ። ሦስት ወር ሙሉ «ሁለተኛ እጅ ይጠበቃል» ሲል የኖረው መስመር ተቀይሯል።

«ልክ» ይላል።

ክው አልኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያቱም ሥራው አስጨንቆኝ ነበር። ኃላፊያችን «ከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ጀምሮ መድኃኒት ቤቱ በኮምፒዩተሩ ብቻ ይሠራል፣ ካርዶቹ እስከዚያ ያልቁ» ብላ ነበር። ማስታወቂያውን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። «ካርዱ ለተዘጋ በሽተኛ መድኃኒት አይወጣም» የሚለውን መስመር በእነዚህ ጣቶቼ ነው የመታሁት። በሰባት ቦታም ለጠፍኩት።

ደግሞም ሐሳቤ ምድር ቤት አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ነበር... ሴቶች ክፍል፣ አልጋ ዘጠኝ።

እዚያ እህቴ ተኝታለች።

ሚጣ ነው የምላት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ለእኔ ግን ያው ሚጣ ነች። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን የጎነጎንኩት እኔ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኋት እኔ፣ ስታጠፋ የገረፍኳትም ተደብቄ ያለቀስኩትም እኔ። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። እሷም ከእኔ ሌላ የላትም።

ሳትታመም ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ እኔ ክፍል እየወረደች መጻፍ ትለማመድ ነበር። በአንድ ጣቷ። ጠቅ... «ሀ የት ገባች?»... ጠቅ... ትስትና ማጥፊያዋን ትመታለች፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የእሷን አጻጻፍ ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

አሁን ሳንባዋ ነው የያዛት። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምትወጋው መርፌ አለ። እሱ ከዘገየ ደረቷ ይዘጋል። በወጉ ከተወጋች ግን ዶክተሯ «ትድናለች፣ አይዞሽ» ብላኛለች።

እና እኔ ምድር ቤት ሆኜ ካርድ ስጽፍ የሞተ ሰው ቢያግዘኝ... «ነፍሳቸውን ይማር፣ እዚያም ሥራ አልፈቱም» ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ነው የመጀመሪያው ጥፋቴ።

ዓርብ ዕለት ነገሩ ተበላሸ።

ስክሪኔ ላይ አንድ የካርድ ቁጥር መጣ። 02 የጻፈው ነው። እኔ ግን አልጻፍኩትም። ቁጥሩም የአሮጌ ካርድ አይደለም... የዘንድሮ ነው።

ከፈትኩት። አናጢ፣ የወንዶች ክፍል፣ አልጋ አሥራ አንድ። መውጫ፦ አራት። ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ዓርብ ነው እኮ ያለነው።

ወጣሁ። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። ከአጠገቡ ካለው በሽተኛ ጋር ይሳሳቃል።

«ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?» አለኝ።

«ካርድዎን... ላረጋግጥ ነበር።»

«አለሁ በያቸው! የአልጋው እግር ይነቃነቃል፣ እሱን ሳልጠግን የትም አልሄድ።»

ሳቅሁ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በዚያ ኮሪደር አንሶላ የተሸፈነ አልጋ ሲገፋ አየሁ። አንደኛው እግሩ ይነቃነቃል።

ከዚያ በኋላ ለመስኮቷ ጀርባዬን አልሰጥም ነበር። ሰኞ ምንም አልመጣም። ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ...

ከግድግዳው ወዲያ መጻፍ ተጀመረ። ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል። መጨረሻው ላይ ጠቅ-ጠቅ!

ስክሪኔ ላይ አዲስ ቁጥር መጣ።

ያንን ቁጥር ማየት አያስፈልገኝም። በቃሌ ነው የማውቀው። በየቀኑ ስንት ሰው ጋ አስመዝግቤዋለሁ።

የሚጣ ነው።

መውጫ፦ አራት። ቀን፦ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ።

ከወንበሬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። መስኮቷ ላይ ተለጥፌ በሹክሹክታ ጠራሁ።

«ጋሼ... እርስዎ ነዎት?»

ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ልጅ ናት እኮ። ያሳደግኳት ናት። ተሳስተው ይሆናል...»

ጠቅ-ጠቅ! አለ ከወዲያ።

እኚህ ሰው ተሳስተው አያውቁም። ያስለቀሰኝም ይኸው ነው።

ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ፍሪጅ ጋ ደረስኩ። ካፖርቱን ተከናንቦ ከማሽኖቹ መሃል ቆሟል።

«02 አንድ ነገር አስገብቷል። አጥፋልኝ!»

«02 እኮ ሞቷል» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ኮዱን ራሴ ነኝ የዘጋሁት።»

«እየው!»

በራሱ ስክሪን አየ። ፈገግታው ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከየት ነው የገባው?»

«ከጋሼ ክፍል።»

«አይሆንም።»

«ሲጽፉ ሰምቻለሁ እኮ!»

«የዚያን ክፍል ኮምፒዩተር ነቅዬ አምጥቼዋለሁ... ያውና።»

በጣቱ ወደ ጥግ ጠቆመኝ። የጋሼ ቀይ አሮጌ ኮምፒዩተር መሬት ላይ ተቀምጧል። ገመዱ በራሱ ላይ ተጠምጥሟል።



«ብቻ አጥፋው» አልኩት።

«አልችልም። የ02ን የሚያስተካክል 02 ነው። አንቺ እንደ መጀመሪያ እጅ ሌላ ነገር ብታስገቢ አይገጥምም ይላል። ከዚያ እሱ ወረቀቱን አይቶ ያርማል። ሲሠሩትም እንዲህ ነው የሠሩት፣ ወረቀቱ ነው የሚፈርደው።»

«ወረቀቱ...»

«አዎ። ግን ተጠንቀቂ። ካርድ ከዘጋሽ በኮድሽ የምትከፍቺው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔም፣ ኃላፊዋም አንችልም።»

የመጨረሻዋን አልሰማሁም። ሰምቻለሁ... ግን አልሰማሁም። በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጮኸው። ወረቀቱ ነው የሚፈርደው። ጋሼ የሚጽፉት ካርዱ ያለውን ነው።

እንግዲያው ካርዱ ላይ ሌላ ነገር ይጻፋል!

ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ በዚያን ቀን ማታ ሚጣን ሳያት ፊቷ ወዝ ነበረው። «እትዬ፣ ለምን እንደዚህ ታዪኛለሽ?» አለችኝ። «አስቀያሚ ስለሆንሽ» አልኳት። ሳቀችና አሳላት። እጇን ይዤ አደርኩ። አንዲት ቃል አልነገርኳትም።

ረቡዕ ጠዋት ካርዷን ከነርሶቹ ጠረጴዛ ሰረቅሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ ወረቀት ሰርቄ አላውቅም። መውጫው ላይ በራሴ ጽሕፈት «ድና ወጥታለች» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን የዚያኑ ዕለት አደረግሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ወረቀቱ ይውጣ፣ እሷ አልጋዋ ላይ ትተኛ። ረቡዕ የወጣ ሰው ሐሙስ ሊሞት አይችልም!

ኮምፒዩተሩ ላይም «መውጫ፦ አንድ» ብዬ መታሁ። ካርዱን በመስኮቷ አሳለፍኩ። ስድስት ሰዓት ከሩብ እስኪሆን ጥፍሬን በላሁ።

ኳ... ኳ... ኳ።

«አይገጥምም።»

ካርዱ ላይ ሁለት መስመር የለም። የሐኪም ፊርማ የሚፈረምበት ባዶ ቦታ በቀይ ተከቧል።

ተመልከቱ እንግዲህ! ሞተውም ፊርማ ይጠይቃሉ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዶክተሯ ሃያ ሰዓት ሙሉ ቆማ ዓይኗ ቀልቷል። ጠረጴዛዋ ላይ የሚፈረምባቸው ካርዶች ተከምረዋል። ካርድ ክፍል ነኝና ማንም አይጠረጥረኝም። የሚጣን መሃሉ ላይ ሸጎጥኩት።

«ቶሎ ይፈረምልን ዶክተር፣ ነገ ኮምፒዩተሩ ሥራ ይጀምራል።»

«ወይ ኮምፒዩተር!» አለች። አንዱንም ሳታይ ትፈርም ጀመር። የሚጣ ላይ ስትደርስ እጇ ቆም ያለ መሰለኝ... እስክሪብቶው ነበር የደረቀው። ወዘወዘችውና ፈረመች።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ካርዱን መልሼ አሳለፍኩት።

ከወዲያ የሚጽፈው በዚያን ጊዜ እንደወትሮው አልነበረም። ይጀምራል... ይቆማል። ይጀምራል... ይቆማል። ከዚያ እንደመተንፈስ ያለ ነገር ሰማሁ። ከዚያ ጠቅ-ጠቅ።

ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ ፊደል መጣ።

«ልክ። ካርዱ ተዘግቷል።»

መሬት ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ! መስኮቷ ሦስት ጊዜ ተንኳኩታ ካርዱ ተመለሰልኝ። ጥጉ ላይ ሁለት ቀይ መስመር... ከጎናቸውም ትንሽ ቀስት።

ቀስቱን አየሁት። አላየሁም አልላችሁም።

ካርዱን ሳምኩትና ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አልገለበጥኩትም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካርድ ክፍል ገባሁ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ጋሼ ሐሳባቸውን ቀይረው መልሰው እንዳይነኩት ስክሪኑን ልጠብቅ ነው። አንድ ሰዓት ከአሥር ብቻ! ሦስት ሰዓት ከአርባ ካለፈ አለፈ ማለት ነው። የስልኩን ገመድ ነቀልኩ፣ የእጅ ስልኬንም አጠፋሁ። የማንንም ድምፅ መስማት አልፈለግሁም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ ላይ «ተዘግቷል» እንዳለ ነው። እሰይ!

ሦስት ሰዓት ከአሥር።

ኳ ኳ ኳ።

መስኮቷ ነች።

«አልከፍትም» አልኩ በሹክሹክታ። «ጋሼ፣ ይማሩኝ። አልከፍትም።»

ኳ ኳ ኳ! ኳ ኳ ኳ!

አሁን ደግሞ ከበሩም በኩል ነው። ከሁለቱም በኩል። ምድር ቤቱ ያስተጋባል፣ የቱ ከየት እንደሆነ አይለይም። ሻሼን ፈትቼ ጆሮዬ ላይ ጠመጠምኩት። ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ጉልበቴን አቅፌ የግድግዳውን ሰዓት ብቻ አየሁ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ። በሩ ይደበደባል። የሆነ ድምፅ ይጠራል... በሻሹ ውስጥ የሴትም የወንድም አይመስልም።

«ሂዱልኝ! ሂዱልኝ! አላስነካትም!»

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ። ድብደባው ቆመ። ሮጦ የሚሄድ ኮቴ ሰማሁ።

የመስኮቷ ግን አልቆመም። ኳ... ኳ... ኳ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ እሱም ቆመ።

አምስት ደቂቃ ጨምሬ ጠበቅሁ። ሻሹን ፈታሁ። ጸጥ ብሏል። አሸንፌያለሁ! ፊቴን ጠርጌ፣ እየሳቅሁ በሩን ከፈትኩ።

የሴቶች ክፍል ነርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋ የለም። እጇ ውስጥ ባዶ ስሪንጅ አለ።

«የት ነበርሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ሲስተር?»

«መድኃኒት ቤቱ... መርፌዋን አልሰጥም አለኝ። ኮምፒዩተሩ ወጥታለች ይላል አለኝ። ካርዷ ተዘግቷል አለኝ። ፍሪጅ ጋ ሄድኩ፣ እሷ ብቻ ናት የምትከፍተው አለኝ። ደወልን፣ አይነሳም። መጥቼ በሩን ስደበድብ ነበር እኮ! ስምሽን ስጠራ ነበር እኮ! ከሌላ ክፍል ለምኜ ላመጣላት ሮጥኩ... ስደርስ...»

ስሪንጁን ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የሆስፒታሉ ሰው በሙሉ ሰምቷል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም በገዛ ሻሼ ደፍኜ።

ሚጣ የሞተችው ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው «እትዬን ጥሩልኝ» ትል ነበር አሉ።

የገደልኳት እኔ ነኝ። ማንም እንደዚያ አላለኝም፣ ሁሉም «ኮምፒዩተሩ ነው» ነው የሚሉት። እኔ ግን አውቃለሁ።

ካርዱን ያገኘሁት በቀብሯ ማግስት፣ ልብሴን ሳወልቅ ነው። ያን ጊዜ ገለበጥኩት።

ጀርባው ላይ በቀይ እርሳስ፣ በማውቀው ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ ይሄ ከተዘጋ መርፌዋ አይወጣም። ከሦስት ሰዓት በፊት ክፈቺው።»

ነርሷን ቆይቼ ጠየቅኋት። «መስኮቷንም ስታንኳኪ ነበር?» አልኳት።

«የምን መስኮት?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆነ። ሥራ አልለቀቅሁም። ዘመዶቼ «አብዳለች፣ እዚያ ቤት ምን ትሠራለች?» ይላሉ። ኃላፊያችንም በአዘኔታ ዓይን እያየችኝ ታልፋለች።

የማልለቅበትን ምክንያት ለማንም አልነገርኩም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ከቀብሯ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ፣ ከግድግዳው ወዲያ መጻፍ ሰማሁ። የጋሼ ነው፣ ቀስ ያለ፣ መጨረሻው ጠቅ-ጠቅ!

ከዚያ እሳቸው ሲያቆሙ... ሌላ ጀመረ።

በአንድ ጣት።

ጠቅ...

ጠቅ...

ከዚያ እንደሚፈልግ ሰው ዝም። ከዚያ ጠቅ።

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ አፌን በእጄ አፍኜ አለቀስኩ። ስክሪኔ ላይ ኮድ 03 የሚባል መስመር መጣ። ሆስፒታላችን 03 ኖሮት አያውቅም።

የምትጽፈው አንድ ካርድ ብቻ ነው። በየቀኑ ያንኑ። የእኔን።

ስሜን ትጽፋለች። ዕድሜዬን ትጽፋለች። መውጫው ጋ ስትደርስ አራት ቁጥርን ትመታለች። ከዚያ ቀኑ ጋ ትደርስና ትቆማለች።

አምስት ደቂቃ ያህል እንደቆመች ትቆያለች።

ከዚያ ማጥፊያዋን እሰማለሁ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ... ሁሉንም ታጠፋዋለች። ስክሪኔ ባዶ ይሆናል። በማግስቱ እንደገና ትጀምራለች።

እኔም በየቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ማጥፊያዋን እጠብቃለሁ። ስሰማው ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ በስልኬ ነው፣ ከመስኮቷ ሥር ተቀምጬ። ዛሬም ስሜን ጻፈች። ዕድሜዬን ጻፈች። አራትን መታች። ቀኑ ጋ ስትደርስ ቆመች።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ማጥፊያዋን ገና አልሰማሁም...